የነጭ ጋዝ ውክልና

ነሐሴ 12 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ መተማ ዮሐንስ

ለማንም ነግሬው የማላውቀው ነገር ይህ ነው፤ በ1962 ዓ.ም. እኔ ማንበብ እችል ነበር።

ከተማው የሚያውቀኝ በሌላ ነው። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ከአሮጊቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ "ሀ"ን እያጣመምሁ የጻፍሁ፣ ከዚያ ከሁሉም ቀድሜ የጨረስሁ ባለሱቅ ነኝ። ወጣቱ አስተማሪ ምስክር ወረቀቱን ሲሰጠኝ "እትዬ እልፍነሽ፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለዎትም እንዴ?" አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

የተማርሁት ግን ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ ነው። ባሌ አዛናው ለልጃችን የፊደል ገበታ ገዝቶ ነበር። ልጁ በአራት ዓመቱ በወባ ሲሞት ገበታው ቀረ። አዛናው ወደ ገበያ ሲወጣ እያወጣሁ፣ ከዳዊቱ ጋር እያስተያየሁ ብቻዬን ቆጠርሁ። የፈረንጁን ፊደል ደግሞ ከወተት ቆርቆሮና ከጉምሩክ ወረቀት ለቀምሁ። ለባሌ አልነገርሁትም። ተደብቆ እንደሚበላ ሰው ነበር ደስታዬ።

ይህን ደብተር ዛሬ የጀመርሁት አቶ ዳኛው ስለመጡ ነው። ከጉምሩኩ ወዲህ ያለውን የጋዝ ማከፋፈያ የያዙት ሽማግሌ ናቸው። ደረታቸውን ስለታመሙ ጎንደር ልጆቻቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። መጋዘኑን፣ የእጅ ፓምፑንና የበርሜል ማስቀመጫውን ግዥኝ ይሉኛል።

"መሸጡን እሸጥልሻለሁ" አሉ። "ውክልናው ግን የኩባንያው ነው። አይተው ካልተቀበሉሽ አይሆንም። ሰሌዳው የእነሱ፣ ዋጋው የእነሱ፣ የበሩ ቀለም እንኳ የእነሱ ነው።"

"የእኔ የሚሆነውስ?"

"የወገብ ሕመሙ።"

ሳቃቸው ወደ ሳል ዞረ። ሲያልፍላቸው "የሚያነብ ሰው ነው የሚፈልጉት። አንቺ ደግሞ ምስክር ወረቀትሽን ግድግዳ ላይ ሰቅለሻል" አሉኝ።

የሰቀለችው የማሳድጋት ልጅ ውዴ ናት። እኔ አልሰቀልሁትም።

ነሐሴ 14

ዝናብ። መንገዱ ዋልካ ሆኖ የሚመጣ መኪና የለም። ሳሙናና ስኳር ወደ ቀበሌው ሱቅ ከሄደ ወዲህ እኔ ዘንድ የሚመጣው ክርና ክብሪት ፈላጊ ነው። ዛሬ አንድ መርፌ ሸጥሁ። ገዢዋ ቆይታ መለሰችው፤ ጫፉ ዝጓል።

ነሐሴ 16

ውዴ ሰማች።

"እቴቴ፣ ሳትነግሪኝ ልትመልሻቸው ነበር?"

"አልመለስኋቸውም።"

"አልተቀበልሻቸውምም።"

ውዴ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳለች። ከዚህ በላይ ለመማር ጎንደር መሄድ አለባት፤ ጎንደር የምታርፍበት ዘመድ የላትም፣ እኔም የማስቀምጥበት አቅም የለኝም። የወለድኋት አይደለችም፤ የጎረቤቴ የካሰች ልጅ ናት። ካሰች በ1962 ነሐሴ ፋኖስ ፈንድቶባት ስትሞት ውዴ ስድስት ዓመቷ ነበር። ወሰድኋት፣ አሳደግኋት። ሰው ይህን ጽድቅ ይለዋል። ቄሱ አንድ ጊዜ በሰው ፊት ስሜን ጠርተው አመሰገኑኝ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከሁሉም ኋላ ነው የምቆመው።

ነሐሴ 23

ሐሚዳ ወደ ሱዳን፣ ገላባት እየተሻገረች ሽቶና ጨርቅ የምታመጣ ነጋዴ ናት፤ እዚህ ከተማ ከገባች አራት ዓመቷ ነው። ከጓዳ ሆኜ ሰማኋቸው።

"ገዳሪፍ ስንት ቀን ነው?" ውዴ ናት።

"በሎሪ አንድ ቀን። በእግር ከሆነ እግርሽን ጠይቂው።"

"ሥራስ አለ?"

"ሳህን ለሚያጥብ መቼ ጠፍቶ። ወላሂ፣ ይኼ እጅሽ እዚያ በሁለት ወር እንደ እኔ ተረከዝ ነው የሚሆነው። አርፈሽ ቁጭ በይ።"

"ቁጭ ብዬ ምን ልሁን? መርፌ ልሽጥ?"

ሐሚዳ ሳቀች። ውዴ አልሳቀችም።

ባለፈው ክረምት ከእሷ ጋር ከተፈተኑት ልጆች ሦስቱ ተሻግረዋል። የአንዳቸውም ደብዳቤ አልመጣም።

ነሐሴ 24

ውክልናውን ከወሰድሁ ትቀራለች። ሌላ የሚያስቀራት ነገር የለኝም።

ነሐሴ 29

እሳቱ በዚህ ሳምንት ነበር። ቀኑን አልጽፈውም።

አዛናው ሸቀጥ ሊያመጣ ጎንደር ሄዶ ነበር። ያኔ ነጭ ጋዝና ናፍጣ በበርሜል እናከፋፍላለን። በርሜሎቻችንን የምንለየው በቀለም ነው፤ ነጭ የተቀባው ለፋኖስ፣ ጥቁሩ ለትራክተር። ያን ቀን ከማዶ አንድ በርሜል መጣ። ቀለም የለውም፤ የፈረንጅ ጽሕፈት ብቻ። ፈረደ የሚባል ሠራተኛ ነበረን፤ ከጎጃም ለሰሊጥ ሥራ መጥቶ እኛ ዘንድ የቀረ ጎልማሳ። "እትዬ፣ ይኼ ምን እንደሆነ አልለየሁትም" አለኝ። ካሰች ጠርሙሷን ይዛ ቆማለች።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጂ፣ ኤ፣ ኤስ። ጋዝ። ልቤ እንዴት እንደዘለለ። ተደብቄ የለቀምሁት ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ሊጠቅም ነው። ቃሉ ግን እዚያ አያልቅም ነበር። ከኤስ በኋላ ሌላ አምስት ፊደል አለ። አላየኋቸውም ብዬ እዚህ እንኳ ልዋሽ አልችልም፤ አየኋቸው። የኩባንያ ስም መሰሉኝ።

"ጋዝ ነው፤ ቅዳላት" አልሁት።

ቀዳና ጣቶቹን አሻሸ። "እጄ ላይ ቶሎ ደረቀ፣ እትዬ። ነጭ ጋዝ ይቀባል እንጂ እንዲህ አይደርቅም። ሽታውም ሌላ ነው።"

"ተጽፏል እኮ። ካንተ አፍንጫና ከጽሕፈቱ የትኛውን እንመን?"

"ኧረ ስጠኝ ፈረደ፣ ሊመሽብኝ ነው" አለች ካሰች።

ቤንዚን ነበር።

ጩኸቱን ስንሰማ ፈረደ ከእኔ ቀድሞ ሮጠ። ሁለት ጊዜ ገባ። በመጀመሪያው በጭሱ ራሷን የሳተችውን ሕፃን አውጥቶ ክንዴ ላይ ጥሏት ተመለሰ። በሁለተኛው ጣሪያው ወደቀ፤ እጆቹ ተቃጥለው ባዶውን ወጣ። ሰው የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሲደርሱ ልጅቷ እኔ እጅ ላይ ነበረች።

በማግስቱ ፖሊስ ያዘው። የተቃጠሉትን እጆቹን ማስረጃ አደረጉበት። "እትዬ ናቸው አንብበው የነገሩኝ" አላቸው። መቶ አለቃው ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ ታነቢያለሽ?"

"እኔ? ፊደልም አልቆጠርሁ።"

ሳቁበት። ፈረደ አልጮኸም፣ አልተከራከረም። አየኝ ብቻ። ሦስት ዓመት ጎንደር ታሰረ፣ ከዚያም ማዶ ተሻገረ ተባለ። አዛናው በ1966 እስኪሞት ድረስ ፈረደን ሲረግም ኖረ።

ጳጉሜን 4

ደብተሩን ከጨው ጆንያው ሥር አኖርሁት። ጨው የሚገዛ የለም።

መስከረም 6 ቀን 1973 ዓ.ም.

ውዴ በካርቶን ጀርባ ላይ የመጋዘኑን ሥዕል ሠራች። ናፍጣው በዚህ፣ ነጭ ጋዙ በዚያ፣ የአሸዋ ባልዲው በር ላይ። ከሥሩ ደንብ ጽፋለች። የመጀመሪያው ደንብ ማንበብ የማይችል ሰው በርሜል አይነካም ይላል።

"ለምን?" ብዬ ጠየቅኋት። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

"እናቴን የገደላት ማንበብ የማይችል ሰው አይደል? ከዚያ ደግሞ አንብበውልኝ ነው ብሎ ባንቺ ማላከኩ። ባገኘው ምን እንደምለው ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ መሰለሽ።"

"ምን ትይዋለሽ?"

"እስቲ እጅህን አሳየኝ እለዋለሁ።"

እጁ የተቃጠለው እግዚአብሔር ምልክት ሲያደርግበት ነው ብሎ ነው ሰው የነገራት። ከእሳት ያወጣኋትም እኔ እንደሆንሁ ነግረዋታል። እኔ አላልሁም። አይደለሁም ብዬም አላውቅም።

መስከረም 13

ወባ። ሦስት ቀን ተኝቼ ነበር። በትኩሳት ያወራሁ እንደሆነ ውዴን ጠየቅኋት።

"ስም ትጠሪ ነበር።"

"የማን?"

"የእናቴን።" ግንባሬን ሳመችኝ።

መስከረም 21

መንገዱ ትንሽ ጠጠር ሲል የኩባንያው ተቆጣጣሪ ከጎንደር በናፍጣ መኪና መጣ። አቶ ማተቤ ይባላል። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ግን የሸሚዙ ኪስ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ደርድሯል። እኔን ብዙ አልጠየቀኝም። ምስክር ወረቀቴን አይቶ "መሠረተ ትምህርት ያፈራቸው ወኪል ብለን ለዋናው ቢሮ እንጽፋለን" አለ። የፈረንጁን ፊደል አላውቅም አልሁት። "እኔ አውቃለሁ" አለች ውዴ፣ ሳትጠየቅ። መጋዘን ወስዶ ፈተናት። እኔ በሩን ይዤ ቆምሁ።

"ይኼን አንብቢ።"

"ጋሶሊን" ብላ እስከ መጨረሻው ፊደል አነበበችው።

"ጎበዝ። አየሽ፣ እዚህ ጠረፍ ላይ ይኼ ቃል ሰው ይበላል። እኛ ጋዝ ስንል የፋኖሱን ነው። ማዶ ያሉት ጃዝ ሲሉ የመኪናውን ናፍጣ ነው። በርሜል ላይ እንዲህ ተጽፎ ሲመጣ ግን ቤንዚን ነው። ሦስቱን ፊደል አንብቦ የተወ ሰው ሬሳ ያወጣል።"

"ሦስት ብቻ አንብቦ የሚተው ምን ዓይነት ቂል ነው?"

"አነበብሁ ብሎ የቸኮለ ነዋ። ደግሞ እጅሽ ላይ ጠብ አድርጊው። ቶሎ ከደረቀ ለፋኖስ አይሆንም። ይኼን ለማወቅ ፊደል አይጠይቅም።"

ውዴ ጣቶቿን አሻሸች። አፍንጫዋ ዘንድ ወሰደቻቸው። እናቷን ትመስላለች፤ እጇን ስታይ ከንፈሯን ትነክሳለች።

"እትዬ፣ አመመዎት?" አለኝ ማተቤ።

ወባ ነው አልሁት።

መስከረም 23

ቅጹ ሃያ ሁለት ጥያቄ አለው። አሥራ ሰባተኛው እንዲህ ይላል፤ "አመልካቹ ወይም ቤተሰቡ ቀደም ሲል ነዳጅ ሸጦ ከሆነ፣ የደረሰ የእሳት አደጋ ቢኖር በማን ጥፋት እንደደረሰ በአመልካቹ እጅ ተጽፎ ይፈረም።"

በአመልካቹ እጅ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ገሰሰ መጥቶ ገና ባልተሞላው ቅጽ ላይ ማኅተሙን መታ። ጥያቄውን አነበብሁለት።

"ይኼማ ምን ያስጨንቃል፣ ጓዲት? ፊደል ባለማወቁ በሠራተኛው በፈረደ ጥፋት በይና ፈርሚ። የፖሊስ ፋይሉም እንዲያ ነው የሚለው።"

"ሰውየው ቢመለስስ?"

"ከዚያ ማን ተመልሶ ያውቃል?"

ማተቤ ሌላ ማከፋፈያ ሊያይ ሽንፋ ሄዷል። ተመልሶ ቅዳሜ ጥቅምት 8 ጠዋት ወደ ጎንደር ይነሳል። ቅጹ ካልደረሰው ውክልናው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሌላ ሰው አለ፤ ስሙን አልነገረኝም።

እስከ ዛሬ ፈረደን የበደልሁት በአፌ ነው፣ እሱም በአንዲት ቃል። ቀሪውን ሌሎች ናቸው የሠሩት እያልሁ ኖርሁ። አሁን በእጄ ጻፊው ይሉኛል። ያውም ያኔ አላውቀውም ባልሁት ፊደል።

መስከረም 25

ልጽፈው ተቀመጥሁ። እስክሪብቶው ደረቀ። አልደረቀም።

መስከረም 28

ሐሚዳን ጠየቅኋት። አሥር ዓመት ያልጠየቅሁትን፣ ጨርቅ እያገላበጥሁ፣ ሌላ ነገር የማወራ መስዬ ጠየቅሁ። ማዶ ፈረደ የሚባል የጎጃም ሰው ታውቂያለሽ ወይ አልኋት።

"ፈሪድ? እጁ የተቃጠለው? አውቀዋለሁ እንጂ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገላባት ገበያ ላይ ውኃ ያዞራል። ጣቶቹ አይዘረጉለትም፤ ባልዲውን በክንዱ አንጠልጥሎ ነው የሚሄደው።"

"ምን ይላል?"

"ምን ይላል፣ ዝምተኛ ነው። መተማ እንደምኖር ሲያውቅ ግን አንድ ነገር ይጠይቀኛል። ሁሌ ያችኑ። 'ያች ሕፃን ተረፈች ወይ?' ይላል። የትኛዋን ሕፃን እንደሚል ምን አውቄ። ማ ባርፍ፣ አላውቅም እለዋለሁ።"

ጨርቁን መልሼ አጠፍሁት። ሐሚዳ "ምነው፣ ቀለሙን አልወደድሽውም?" አለችኝ።

መስከረም 29

በማግስቱ ጠዋት ነው የታሰረው። ልጅቷ መትረፏን የነገረው የለም። የምነግረው እኔ ነበርሁ።

ጥቅምት 2

ዝናቡ ተወ። ሰሊጡ ሊታጨድ ነው፤ ትራክተሮቹ ናፍጣ ፍለጋ አቶ ዳኛው በር ላይ መሰለፍ ጀምረዋል። ውዴ ጠዋት ጠዋት እየሄደች በርሜል ታገላብጣለች፤ ስትመለስ ልብሷ ጋዝ ጋዝ ይላል። ዛሬ አቶ ዳኛው "ልጅሽ ለእኔ ቢሮ ሠርታ ልታባርረኝ ነው" አሉኝ። ደንቧን በር ላይ ለጥፋዋለች። ዕቃ ሲወርድ በር ላይ ቆማ ሾፌሮቹን ሲጋራ ታስጠፋለች። አንዱ ሾፌር "የማን ሹም ነሽ?" ሲላት "የዚህ ቤት" አለችው። እንዲህ ቀና ብላ አይቻት አላውቅም። ገዳሪፍ የሚለውን ቃል ሦስት ሳምንት አልሰማሁትም።

ከዚህ በኋላ ማሰብ የሚገባኝ ቀላል ነገር ነው። ፈረደ ታስሮ ወጥቷል። እኔ እውነቱን ብጽፍ ሦስት ዓመቱ አይመለስለትም፣ ጣቶቹም አይዘረጉለትም። ውዴ ግን እዚህ ናት፤ ሥራዋ እዚህ ነው፣ ዕድሜዋ ገና ነው። አንድ መስመር ጽፌ ብፈርም ትቀርልኛለች። ለእሷ ነው፣ ለራሴ አይደለም። ይህን ዛሬ አራት ጊዜ ለራሴ ነገርሁት።

ከዚያ ፀጉሯን ሳበጥርላት፣ የማን እጅ እንደሚያበጥራት ብታውቅ ብዬ አሰብሁ። ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። "ቀስ በይ እቴቴ" አለች። የምፈራው ገዳሪፍ መሄዷን ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ይህን ጽፌ ላጠፋው ነበር። ይቆይ።

ካሰችን ጠርሙሷን ስትቀበል ያየሁበትን ሰዓት ማሰብ አልተውሁም። "ሊመሽብኝ ነው" አለች። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጥቅምት 4

ጻፍሁት። "አደጋው የደረሰው በእኔ በእልፍነሽ የንባብ ስሕተት ነው። ሠራተኛው ፈረደ ቤንዚን መሆኑን ጠርጥሮ አስጠንቅቆኝ ነበር።" ፈረምሁ። አጥፌ በፖስታ አሸግሁት፤ ውዴ እንዳታየው።

ጥቅምት 6

ማተቤ ከሽንፋ ተመልሶ ፖስታውን ከፈተ። አነበበ። ሁለተኛ አነበበ። ከመጋዘኑ ጀርባ ወሰደኝ።

"እትዬ፣ ይኼን ማን አስጻፈዎት?"

"ማንም።"

"ፖሊስ ዘንድ ያለው ፋይል ሌላ ነው የሚለው። የቀበሌው ማኅተምም ከሥሩ ተመትቷል። ይኼን ይዤ ጎንደር ብገባ የሚቀረው ውክልናው ብቻ አይደለም። ሊቀ መንበሩ ይጠየቃል፣ እኔ እጠየቃለሁ። ሰውየው እንደሆነ አገር ለቋል። ማንን ይጠቅማል?"

"የጻፍሁት ግን እውነት ነው።"

"ይሆናል።" ቅጹን ለአራት አጥፎ ኪሱ ከተተውና ከቦርሳው አዲስ አወጣ። ገሰሰ ለትርፍ ቀድሞ ማኅተም የመታበት ነው። "ተሳስቶ የተጻፈ ነው ብያለሁ። እስከ ቅዳሜ ጠዋት ጊዜ አለዎት። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ እትዬ። አያበላሹባት።"

ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስገባ ውዴ "ምኑን ተሳሳትሽ?" አለችኝ።

"አንድ ቃል።"

"እኔ ልጻፍልሽ?"

"በአመልካቹ እጅ ነው የሚለው።"

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ከሰዓት በኋላ ውዴ ባዶውን ቅጽ አገኘችው። ጠረጴዛው ላይ ትቼው ነበር። እንድታገኘው ይሁን አይሁን እንጃ።

"ዛሬ ዓርብ ነው እኮ" አለች። "አትፈርሚም አይደል?"

ቅጹን ከፊቷ ሳብሁት።

"ፈርተሽ ነው። እናቴ የሞተችበትን ነገር መንካት ፈርተሽ ነው፤ ይገባኛል። እኔ አልፈራሁም፣ አንቺ ግን ትፈሪያለሽ። ግን እኮ ከእሳት ያወጣሽኝ አንቺ ነሽ። ያኔ ያልፈራሽ ዛሬ ወረቀት ትፈሪያለሽ?"

አፌን ከፈትሁ። አሥር ዓመት የጠበቅሁት በር እሱ ነበር፤ ራሷ ከፍታልኝ ቆማለች። የወጣኝ ግን "ነገ ከሐሚዳ ጋር ገላባት ደርሰሽ ነይ" የሚል ነው።

አየችኝ። "ገላባት ምን ልሠራ?"

"አንድ ሰው አለ። የሚነበብለት ነገር አለው።"

"እሺ" አለች፣ በጣም ቀስ ብላ። "እሄዳለሁ።" ከመንገዱ በላይ ሌላ ነገር እያሰበች እንደሆነ ከድምፅዋ ዐወቅሁ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ ጠዋት

ቅጹን ባዶውን ለማተቤ መለስሁለት። መኪናው ሞተሩ ተነስቷል። በመስኮት ተቀብሎ አየው፣ "እግዜር ይርዳዎት" አለና ሄደ። አቶ ዳኛው በሩ ላይ ቆመው ነበር። የውዴን ደንብ ከበሩ ላይ ሳይቀድዱ በጥንቃቄ እየላጡ ነበር።

ገሰሰ የሐሚዳ ዕቃ ተሸካሚ ብሎ የይለፍ ወረቀት ጽፎላታል። ሐሚዳ ውጭ አህያዋን እየጫነች "ያላ፣ ፀሐዩ ሳይጠነክር" ትላለች። ውዴ ጓዳ ናት። ያዘጋጀችው ከረጢት ለአንድ ቀን ገበያ ይበዛል። ቀሚሶቿ ሁለቱም ውስጡ ናቸው፤ የስምንተኛ ክፍል ውጤቷንም ከሣጥኑ ወስዳዋለች። አይቻለሁ፣ አልጠየቅኋትም። ይህ ደብተር ሳይነበብ በፊት ሊያስቀራት የሚችል ቅጽ ነበረኝ፤ ለማተቤ መለስሁት። ከተነበበ በኋላ ምንም አይኖረኝም።

ለሐሚዳ ሰውየውን ብቻ አሳዪያት፣ አብረሽም አትቀመጪ ብያታለሁ። ጥላ ያለበት ቦታ ፈልጊላቸው፣ ረጅም ነው ብያታለሁ።

ይህን ጨርሼ ደብተሩን ለውዴ እሰጣታለሁ። እኔ አፍ አጥቼለት ነው፤ በሷ አፍ መናገሬ ሌላ በደል መሆኑን ዐውቃለሁ።

ፈረደ፣ ይህ ደብተር ያንተ ነው። የምታነብልህ ያች ሕፃን ናት።